ርስቱን መልሶ ቁልፉን ማስቀረት፤ በኡሉሩና በግዋይ ሃናስ የሽርክና ውሎች ላይ የቀረበ ሒስ

በአንድ አገር መንግሥትና በዚያው አገር ነባር ሕዝብ መካከል ስለ ጥንት ምድር የሚደረግ የሽርክና ውል ሲወደስ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው የፊርማው ቀን ነው። ሹሙ ንግግር አደረገ፥ ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበለ፥ ፎቶግራፍ ተነሣ ይባላል። ከፎቶግራፉ በኋላ ወደ ምድሩ ማን ይገባል፥ ማን ያስገባል፥ ማንስ «አይሆንም» ቢል ቃሉ ይጸናል የሚለው ጥያቄ ግን ለሕግ ዐዋቂዎች ይተዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ፎቶግራፉን ወደ ጎን አድርገን ሁለት ውሎችን ለመመርመር አስበናል። አንዱ በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሓ ስለሚገኘው ስለ ኡሉሩ በ1985 የተደረገው የኪራይ ውል ነው፤ ሁለተኛው በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ስለሚገኘው ስለ ግዋይ ሃናስ በ1993 የተፈረመው ስምምነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ውል ርስቱን ለባለቤቶቹ መለሰ። ሁለተኛው ርስቱ የማን እንደ ሆነ እንኳ አልወሰነም። ስለዚህ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የተሻለው የመጀመሪያው ይመስላል፤ ብዙዎችም ለዓለም አርአያ አድርገው ጠቅሰውታል። እኛ ግን ሁለቱን ጐን ለጐን ስናነብ የደረስንበት ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ሽርክና የነጋዴ ቃል ነው። ሁለት ሰዎች በመርካቶ አንድ ሱቅ በሽርክና ለመክፈት ሲያስቡ፥ መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ ወዳጅነታቸው አይደለም። ገንዘቡን ማን ያወጣል፥ ትርፉ እንዴት ይከፈላል፥ የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ይሆናል፥ ያልተስማማን እንደ ሆነስ ማን ይዳኘናል ብለው ነው። በመሬትም በኩል ሽርክና የሚመስል ልማድ ነበረን። እስከ 1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ በእኩል አራሽና በባለመሬት መካከል ሁለት ወገን ነበረ፥ ምርትም ይከፈል ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን ከመሬቱ ለማስነሣት ሲችል ሌላው ግን ይህን ለማድረግ ስለማይችል፥ አራሹ ራሱ ነገሩን ሽርክና ብሎ ሊጠራው አይደፍርም። እንግዲህ እኛም ሚዛን አድርገን የምንይዘው ይህንኑ ነው። ደካማው ወገን እምቢ ለማለት ይችላል ወይ? እምቢ ባለ ጊዜስ ነገሩ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል?

ኡሉሩ ከሜዳው ላይ 348 ሜትር ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ቀይ ዐለት ነው። አናንጉ የሚባሉት የአካባቢው ሰዎች ይህን ዐለት የሚያውቁት በጁኩርፓ ነው። ጁኩርፓ የፍጥረት ታሪክም፥ ሕግም፥ ሥርዐተ ኑሮም በአንድነት የሚጠሩበት ስም ሲሆን፥ ወደ ዐለቱ ጫፍ የሚያወጣው መንገድ በዚህ ሕግ ዘንድ የማላ አባቶች የሄዱበት ስለ ሆነ ማንም ደስ ባለው ጊዜ የሚረግጠው ስፍራ አይደለም። በ1873 ዊልያም ጎስ የተባለ መሬት ለኪ ወደዚያ ደርሶ በአንድ የደቡብ አውስትራሊያ ሹም ስም ኤየርስ ሮክ ብሎ ሰየመው። እኛ «ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» እንላለን፤ በዚያ ግን ስሙን ያወጣው መንገደኛው ሆነ። በ1920 ምድሩ ለነባር ሰዎች ከተከለለ ሰፊ ቦታ ጋር ተቈጥሮ ነበር፤ በ1958 ጎብኚ ስለ በዛ ከዚያው ተቈርጦ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በ1964 ለሚወጣ ሰው መያዣ የሚሆን ሰንሰለት በዐለቱ ላይ ተተከለ።

በ1976 የአውስትራሊያ ፓርላማ ስለ ሰሜናዊው ግዛት ነባር ሰዎች የመሬት መብት ሕግ ካወጣ በኋላ አናንጉ ምድራቸውን ለመጠየቅ ተነሡ። ነገር ግን ፓርኩ አስቀድሞ በብሔራዊ ፓርኮች ዲሬክተር ስም የተያዘ ስለ ነበረ፥ አቤቱታቸው ዐለቱን ራሱን ሊነካው አልቻለም። ስለዚህ የሕጉ በር ሲዘጋ ነገሩ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። በኅዳር 1983 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦብ ሆክ ርስቱ እንዲመለስ መንግሥታቸው መቍረጡን ገለጹ፤ በዐሥር ነጥብ ከዘረዘሩት ተስፋም አንዱ በዐለቱ ላይ መውጣት እንዲከለከል ነበረ። ወረቀቱ በጥቅምት 26 ቀን 1985 በንግሥቲቱ እንደራሴ በሰር ኒኒያን ስቲቨን እጅ ለአናንጉ ሲሰጥ ግን ያ ነጥብ በውስጡ አልነበረም። መውጣቱ እንዲቀጥል፥ አስቀድሞ ለ50 ዓመት የታሰበውም ኪራይ 99 ዓመት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በዚያ ቀን አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ዐለቱ የአውስትራሊያውያን ሁሉ ነው የሚል ጽሑፍ እየጐተተ በበዓሉ ላይ ዞረ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አውሮፕላን እንደ ክፉ አጋጣሚ ያነሡታል። እኛ ግን የአውሮፕላኑ ጽሑፍና የውሉ ይዘት እጅግ የተራራቁ ሆነው አላገኘናቸውም።

ምክንያቱም ውሉ የሚለው ይህ ነው። አናንጉ ርስቱን ሲቀበሉ፥ በተቀበሉበት እጅ ወዲያውኑ ለብሔራዊ ፓርኮች ዲሬክተር እስከ 2084 ድረስ ያከራያሉ። ኪራዩ ርስቱን ከተረከቡ በኋላ መክረው የወሰኑት ነገር አልነበረም፤ ርስቱን ለመረከብ መፈጸም የነበረበት ግዴታ ነው። የአገራችን ሰው «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲል፥ ከሺው ዓመት በኋላ ስላሉት 99 ዓመታት ያሰበ አይመስለንም። ርስትና ጉልት የሚባሉትን ሁለት የቀድሞ መብቶች የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ እዚህ ላይ አንድ የሚታወቅ ነገር ይመለከታል፤ አንዱ ወገን በምድሩ ላይ የትውልድ መብት አለው፥ ሌላው ወገን በዚያው ምድር ላይ የሹመት ሥልጣን አለው። ምሳሌው በሁሉ በኩል ልክ አይመጣም። ባለጉልት ግብር ይቀበል ነበር እንጂ አይከፍልም፤ የፓርኮቹ ዲሬክተር ግን ኪራይ ይከፍላል።

ስለ ኪራዩና ስለ ሌሎቹ ጥቅሞች ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያስፈልጋል። አናንጉ በየዓመቱ የተወሰነ ኪራይና ከመግቢያው ገንዘብ ከመቶ 25 እጅ ያገኛሉ። በፓርኩ ውስጥ የማደን፥ የመልቀምና ሥርዐታቸውን የመፈጸም መብት አላቸው። ከ12ቱ የቦርድ አባላት 8ቱ ከእነርሱ የሚመረጡ ናቸው፤ ጁኩርፓም የፓርኩ አስተዳደር መሠረት እንዲሆን በእቅዱ ላይ ተጽፏል። በ1987 በተፈጥሮ ሀብቱ ብቻ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ፥ በ1994 የሰው ልጅ ባህል ያለበት ምድር ተብሎ እንደገና የተመዘገበው የእነርሱ ዕውቀት ስለ ተሰማ ነው። ከ1958ቱ ሁኔታ ጋር ሲመዛዘን ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምንም አልተደረገም የሚል ሰው ቢኖር አንቀበለውም።

ነገር ግን በቦርዱ ብዙዎቹ እነርሱ ሆነው ሳለ፥ ዋና ጥያቄያቸው የነበረው የመውጣቱ ጉዳይ እስከ 2019 ድረስ ለምን ሳይፈጸም ቀረ? የውሉ እውነተኛ ፈተና ይህ ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

በቦርዱ ውስጥ የድምፅ ብልጫ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ፓርኩን ማዘዝ ሌላ ነገር ነው። ቦርዱ ከዲሬክተሩ ጋር የሚያዘጋጀው የአስተዳደር እቅድ የሚጸናው ሚኒስትሩ ሲያጸድቀውና በፓርላማ ፊት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ባለርስቶቹ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው የቀረው መሣሪያ ልመና ነበረ። ከዐለቱ ሥር ሰሌዳ አቁመው በልዩ ልዩ ቋንቋ እባካችሁ አትውጡ ብለው ጻፉ፤ ከሰሌዳው አጠገብ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ነበር። ከ35 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መውጫ ሕይወታቸው አልፏል። አናንጉ በምድራቸው ላይ ለሚደርሰው ነገር ተጠያቂዎች እነርሱ መሆናቸውን ሕጋቸው ስለሚያስተምራቸው፥ ለማያውቁት እንግዳ ሞት ያዝኑ ነበር። እንግዳ በቤቱ የሞተበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ላይ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ አትግባ ብሎ ነበር፤ እንግዳውን ያስገባው ተከራዩ ነው።

በ2009 መውጣቱን የሚዘጋ ረቂቅ እቅድ በቀረበ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቪን ራድ ራሳቸው ሐሳቡን እንደማይወዱት ገለጹ። ከዚያ በኋላ የወጣው የ2010 እቅድ መውጣቱ የሚዘጋበትን ሁኔታ በሦስት መንገድ አስቀመጠ፤ ለጎብኚዎች በቂ የሆነ ሌላ የሚታይ ነገር የተዘጋጀ እንደ ሆነ፥ ወይም ከጎብኚዎቹ መካከል የሚወጡት ከመቶ ከ20 በታች የወረዱ እንደ ሆነ፥ ወይም ጎብኚው ወደዚያ ለመምጣት የሚወስነው ስለ ባህሉና ስለ ተፈጥሮው መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ። እነዚህን ሦስት ሁኔታዎች ደጋግመን አነበብናቸው። አንዳቸውም የባለርስቱን ፈቃድ አይጠይቁም፤ ሦስቱም የሚጠይቁት የእንግዳውን ልብ ነው። በሌላ አነጋገር፥ የቤቱ ባለቤት በሩን ለመዝጋት የሚፈቀድለት፥ መግባት የሚወድ እንግዳ ሲያንስ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሉን አርአያ ብለው የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን አንቀጽ እንዴት እንደሚያልፉት አይገባንም።

በመጨረሻ ቍጥሩ በእውነት ወረደ። በኅዳር 2017 ቦርዱ በአንድ ድምፅ እንዲዘጋ ወሰነ፤ ርስቱ በተመለሰ ልክ በ34ኛው ዓመት፥ ጥቅምት 26 ቀን 2019 መውጫው ተዘጋ፥ ሰንሰለቱም ተነቀለ። በዋዜማው ቀናት ሳይዘጋ ልውጣ የሚለው ሕዝብ በዐለቱ ጐን ላይ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ ታየ። የዚህን ሰልፍ ሥዕል ያየ ሰው፥ ያ ልመና ለሠላሳ አራት ዓመት ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበረ ሊገምት ይችላል።

በዚያው በሰሜናዊው ግዛት በሚገኘው በካካዱ ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ነገር የዚህን ዐይነት ኪራይ ድካም ከኡሉሩም ይልቅ አጕልቶ ያሳያል። ካካዱም ነባር ሰዎች ባለርስት፥ ዲሬክተሩ ደግሞ ተከራይ የሆኑበት ምድር ያለው ፓርክ ነው። በ2019 በጉንሎም ፏፏቴ አጠገብ፥ የጃዎይን ሰዎች በሚያከብሩት ቅዱስ ስፍራ ላይ፥ ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድ ሳይያዝ የእግር መንገድ ተሠራ። ያሠራው የግል ነጋዴ ወይም አላዋቂ መንገደኛ አይደለም፤ ሸሪክ የተባለው የፓርኩ አስተዳደር ራሱ ነው። የቅዱሳን ስፍራዎች ጠባቂ የሆነው መሥሪያ ቤት ክስ ባቀረበ ጊዜ ዲሬክተሩ የግዛቱ ሕግ በእኔ ላይ አይሠራም ብሎ ተከራከረ፤ የአገሩ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በ2024 ይህን ክርክር አልተቀበለውም። ፍርዱ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን ቀድሞ ተሠርቷል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለው እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ካናዳ እንለፍ። ሃይዳ ግዋይ ቀድሞ በአንዲት የእንግሊዝ ንግሥት ስም የንግሥት ሻርሎት ደሴቶች ይባል የነበረው፥ ስሙም በ2010 በሕግ የተመለሰለት ደሴተ ብዙ አገር ነው። በ1862 የገባው የፈንጣጣ ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጅቶ፥ የተረፉት ከጥንት መንደሮቻቸው ወጥተው በሁለት ስፍራ ተሰበሰቡ። የተተዉት መንደሮች የተቀረጹ ምሰሶዎቻቸውን እንደ ያዙ በደቡብ በኩል ቀሩ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የእንጨት ኩባንያዎች ወደዚሁ ወደ ደቡቡ ደን እየቀረቡ መጡ። በ1981 የሃይዳ ሰዎች በበጎ ፈቃድ በጥንቱ መንደሮች ዘብ መቆም ጀመሩ። በ1985 የሃይዳ ሕዝብ ምክር ቤት አካባቢውን በገዛ ሥልጣኑ የሃይዳ ቅርስ ነው ብሎ ዐወጀ፤ በዚያው ዓመት በላየል ደሴት የእንጨት መንገዱን ዘግተው ተቀመጡ፥ ሽማግሌዎችም ያሉባቸው 72 ሰዎች ታሰሩ። በ1987 የካናዳና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥታት ቈረጣው እንዲቆምና ምድሩ ፓርክ እንዲሆን ተስማሙ።

ልብ እንበል፤ መንግሥት ለድርድር ሲቀመጥ በፊቱ የነበረው አቤቱታ አቅራቢ አልነበረም። ምድሩን አስቀድሞ ያወጀ፥ ዘብ ያቆመ፥ መንገዱንም የዘጋ ሕዝብ ነበረ። የ1993ቱ ስምምነት አጻጻፍ ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ የጸሐፊዎቹ ብልኀት ብቻ አይደለም።

የስምምነቱ መጀመሪያ ለሕግ ተማሪ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል። በአንደኛው ዓምድ ሃይዳዎች ደሴቶቹ የሃይዳ ምድር መሆናቸውን፥ በትውልድ አለቆቻቸውና በምክር ቤታቸው ሥልጣን ሥር መሆናቸውን ይናገራሉ። በሌላው ዓምድ የካናዳ መንግሥት ደሴቶቹ የዘውዱ ምድር መሆናቸውን፥ በንግሥቲቱና በፓርላማዎቹ ሥልጣን ሥር መሆናቸውን ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ሁለቱ ወገኖች በባለቤትነት ሳይስማሙ፥ አለመስማማታቸውንም በፊርማቸው አጽንተው፥ ምድሩን በጋራ ለመጠበቅ ግን ይስማማሉ። ሰነፍ አንባቢ ይህን ቢያይ ጉዳዩ ተንጠልጥሎ ቀረ ይል ይሆናል። እኛም አስቀድመን ያሰብነው እንዲሁ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ስናነብ ግን የመንጠልጠሉ ትርጕም ሌላ ሆኖ ታየን።

ምክንያቱም ርስቱ የማንም ተብሎ ስላልተፈረደ፥ አንዱ አከራይ ሌላው ተከራይ ሊሆን አልቻለም። አስተዳዳሪው ቦርድ ከሁለቱም ወገን በእኩል ቍጥር የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሰው፥ ባሕሩ በ2010 ከተጨመረ በኋላ ሦስት ሦስት ሰው። ውሳኔው የሚሰጠው በስምምነት እንጂ በድምፅ ብልጫ አይደለም። ካልተስማሙ ጉዳዩ በነበረበት ይቆይና ወደ ሃይዳ ምክር ቤትና ወደ ካናዳ መንግሥት ይመራል፤ እነርሱም በቅን ልቡና ለመስማማት ይሞክራሉ። በነበረበት ይቆያል የሚለውን ቃል አንባቢው እንዳያልፈው እንለምናለን። በኡሉሩ ባለርስቱ እምቢ ሲል መውጣቱ ይቀጥል ነበር፤ በግዋይ ሃናስ ሃይዳው እምቢ ሲል ነገሩ ይቆማል። በአንደኛው 8 ከ12 ያለው ወገን ሲለምን ኖረ፤ በሁለተኛው እኩሌታው ብቻ ያለው ወገን ያስቆማል። የድምፅ ብልጫ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን ነው ብሎ ለሚያምን ተማሪ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

በምድሩ ላይም ልዩነቱ በዐይን ይታያል። ዛሬ ወደ ግዋይ ሃናስ የሚሄድ ጎብኚ አስቀድሞ ስለ ስፍራው ሥርዐት ትምህርት ይቀበላል። ጀልባው ወደ ጥንቱ መንደር ሲቀርብ በሬዲዮ ዘቦቹን ጠርቶ ለመውረድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ በመንደሩ ውስጥ ከ12 ጎብኚ የበለጠ ስለማይፈቀድ፥ ሌሎች ቀድመውት ከገቡ በባሕሩ ላይ ይጠብቃል። ዘቦቹ ስማቸውን ያገኙት ረጅም ቆብ አድርገው በምሰሶዎቹ ራስ ላይ ከተቀረጹት ጠባቂዎች ነው። እንግዲህ በአንዱ ስፍራ ባለቤቱ ለእንግዳው ሰሌዳ ጽፎ ይለምናል፤ በሌላው እንግዳው ለባለቤቱ ድምፁን አሰምቶ ይጠይቃል። ስለ መሬት መግቢያ ከተጻፉት አንቀጾች ሁሉ ይልቅ እኛን ያስረዳን ይህ ሬዲዮ ነው።

ስምምነቱ እንከን የለበትም አንልም። በ2015 የካናዳ የዓሣ ሚኒስትር በሃይዳ ግዋይ ባሕር ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ለንግድ እንዲጠመድ ፈቀዱ፤ ሃይዳዎች ዓሣው ገና አላገገመም ብለው ተቃውመው ነበር። ሚኒስትሩ በገዛ ሕጋቸው ሥልጣን አለኝ ካሉ የቦርዱ ስምምነት እንደማያግዳቸው እዚህ ላይ ታየ። ሃይዳዎች ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ፥ ዳኛውም ማጥመዱ እንዳይጀመር አገዱ፤ ካገዱበት ምክንያት አንዱ መንግሥት በዚህ ስምምነት የገባው ግዴታ ነበረ። ከጉንሎም ጋር ያለውን ልዩነት እናስተውል። በሁለቱም ስፍራ መንግሥት ሸሪኩን አልሰማም፥ በሁለቱም ስፍራ ዳኛ አስፈለገ። በካናዳ ግን ዳኛው የተናገሩት ጉዳቱ ሳይደርስ ነው።

በሐሳባችን ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ኡሉሩ የአውሮፕላን ማረፊያና የአስፋልት መንገድ ያለው፥ በዓመት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ጎብኚ የሚመጣበት፥ የአገሩም ምልክት የሆነ ስፍራ ነው፤ ግዋይ ሃናስ ግን በጀልባና በባሕር አውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት፥ በሺሕ የሚቈጠር ሰው የሚያየው ደሴት ነው። እንግዳ በሌለበት አገር እንግዳን ማስጠበቅ ቀላል ነው ቢባል፥ አንካድም። ነገር ግን የደኑ እንጨት ከጎብኚ ገንዘብ ያነሰ ሀብት አልነበረም፤ ኩባንያዎቹና ሠራተኞቻቸውም ዝም ብለው አልሄዱም። ደግሞም ሃይዳዎች ከዚህ ስምምነት እንደ አናንጉ ያለ ኪራይ አያገኙም። በገንዘብ በኩል የሚመዝን ሰው ኡሉሩን ቢመርጥ አንፈርድበትም፤ ለሙቲጁሉ መንደር ሰዎች ኪራዩ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያ መንደር ራሱ በተከራየው ፓርክ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን እዚህ ላይ ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሦስተኛ መንገድ ሞክራ ያገኘች አገርም አለች። ኒው ዚላንድ በ2014 ባወጣችው ሕግ፥ ከ1954 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ የነበረውን ቴ ኡሬዌራን ከመንግሥት ንብረትነትም ከፓርክነትም አውጥታ፥ ምድሩ ራሱ በሕግ ፊት እንደ ሰው የሚቈጠር አካል እንዲሆን አደረገች። ቦርዱ መጀመሪያ እኩል በእኩል ነበረ፥ ኋላ ከ9ኙ አባላት 6ቱ በቱሆይ ሕዝብ የሚሾሙ ሆኑ። ሕዝብ ሁሉ በነጻ የሚገባበት መብት ግን በሕጉ ተጠብቋል። ስለዚህ ርስቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የማንም አይደለም ተብሎ ሲመለስ እንኳ፥ የመግቢያው ጥያቄ በመንግሥት ብዕር ቀድሞ ተመልሷል። ይህን ሕግ ለብቻው የሚመረምር ጓደኛ ብናገኝ ደስ ይለናል።

ስለ ሁለቱ ዓምዶች የመጨረሻውን ነገር ተናግረን እንተው። በሚያዝያ 2024 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንግሥት ሃይዳ ግዋይ በሙሉ የሃይዳ ርስት መሆኑን በስምምነት ተቀበለ፥ ሕግም አወጣበት፤ የግል ባለይዞታዎች መሬትና የከተሞቹ አስተዳደር እንደ ነበሩ እንዲቀጥሉ ተደረገ። በየካቲት 2025 የካናዳ መንግሥት ይህንኑ ርስትነት በፊርማው አጸና። በ1993 አንዱ ዓምድ ሌላውን ሳይሽር ጐን ለጐን ከተጻፉ ከ32 ዓመት በኋላ፥ ስለ ምድሩ ርስትነት የካናዳ መንግሥት ወደ ሃይዳው ዓምድ ተሻግሮ ፈረመ። ሃይዳዎች ያን ጊዜ ርስቱን በኪራይ ለመቀበል ቸኩለው ቢሆን ኖሮ፥ በ2025 የሚፈረምበት ወረቀት አይኖርም ነበር።